የወርድ ጽሑፍን ወደ ፒዲኤፍ መቀየር፦ ፊደሉ ሳይበተን፣ ገጹ ሳይዛነፍ

ያማረ ሲቪ በወርድ አዘጋጅተው፣ ከነማመልከቻው በኢሜይል ላኩ እንበል። እርስዎ ጋ ሁለት ገጽ የነበረው ሲቪ ተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ሦስት ገጽ ሆኖ ይከፈታል። ሠንጠረዡ ተንሸራቷል። በአማርኛ የተጻፈው ስም ሳጥን ሳጥን ሆኗል። ተቀባዩ ደግሞ ደውሎ "ፋይልዎ አልከፈት አለኝ" አይልም፤ ወደሚቀጥለው አመልካች ያልፋል።

ፋይሉ አልተበላሸም። የወርድ ፋይል ጠባዩ ነው። ውስጡ ያለው ጽሑፉና "ይህ በኒያላ ፎንት፣ በ12 መጠን ይታይ" የሚል ትእዛዝ ነው። ፎንቱ ራሱ አብሮ አይሄድም። ስለዚህ ፋይሉን የሚከፍት ኮምፒውተር ሁሉ ገጹን እንደ አዲስ ይደረድረዋል። ኒያላ ከሌለው በሌላ ፎንት ይተካዋል። የተተካው ፎንት ትንሽ ሰፋ ካለ መስመሩ ይገፋል። መስመሩ ሲገፋ አንቀጹ ይወርዳል፤ አንቀጹ ሲወርድ ፊርማዎ ያለበት መስመር ብቻውን አዲስ ገጽ ላይ ያርፋል።

ፒዲኤፍ ላይ እያንዳንዱ ፊደል የት እንደሚቀመጥ ተወስኖ ያለቀ ነው። የፊደሉም ቅርጽ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ውስጥ አብሮ ይታሸጋል። ይህን የፋይል ዓይነት ያወጣው አዶቤ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ነው፤ በ1993 እ.ኤ.አ.። በ2008 ደግሞ አይኤስኦ 32000 ተብሎ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። ዛሬ ፒዲኤፍ የማይከፍት ስልክም ብሮውዘርም የለም ማለት ይቻላል።

መቀየሩ ራሱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ልፋቱ ያለው ከመቀየሩ በፊትና በኋላ ነው፤ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ይበልጡን። ስለዚህ ከፎንቱ እንጀምር።

መጀመሪያ ፎንቱን ይፈትሹ

አማርኛ ኮምፒውተር ላይ የሚጻፍባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ የድሮው ነው። ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉት ቀደምት ፕሮግራሞች ይዘውት በመጡት ፎንት፣ የአማርኛው ቅርጽ የተቀመጠው በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ ስለ "ሀ" የሚያውቀው ነገር የለም። እሱ የያዘው የላቲን ፊደል ነው፤ ለዓይን "ሀ" አድርጎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። ሁለተኛው መንገድ ዩኒኮድ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ላይ ፊደላችን ገባ፤ ለእያንዳንዱ ሆሄም የራሱ ቁጥር ተሰጠው። በስልክ የምንጽፈው፣ ቴሌግራም ላይ የምናነበው አማርኛ ዩኒኮድ ነው።

ፓወር ግዕዝም ኋላ ላይ የዩኒኮድ ፎንት ይዞ መጥቷል። ስለዚህ "በፓወር ግዕዝ ነው የተጻፈው" የሚለው ወሬ ብቻ አይበቃም። ጽሑፉን ራሱን መፈተን ይሻላል። ፈተናው ቀላል ነው። አንድ መስመር በማውስ ይምረጡና ፎንቱን ወደ ታይምስ ኒው ሮማን ይቀይሩት። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው። የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ከሆነ ግን የድሮው ነው። ካዩ በኋላ ኮንትሮልና ዜድ ተጭነው ወደነበረበት ይመልሱት።

በድሮው ፎንት የተጻፈው ጽሑፍ ፒዲኤፍ ሲሆን ምን ይሆናል? ሲያዩት ምንም አይሆንም። ፎንቱ ስለታሸገ በስክሪንም በወረቀትም አምሮ ይወጣል። ብዙ ሰው የሚዘናጋውም እዚህ ላይ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሰውየው ከፒዲኤፉ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጎ ሌላ ቦታ ሲለጥፍ፣ ወይም ኮንትሮልና ኤፍ ተጭኖ አንድ ቃል ሲፈልግ ነው። አይገኝም። ጉግልም አያገኘውም። ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነበው ፕሮግራምም የሚያነበው ያንኑ የላቲን ዝብርቅርቅ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉ ብዙ የቆዩ የአማርኛ ፒዲኤፎች በፍለጋ የማይገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ያን ያህል የተለፋባቸው ጽሑፎች እያሉ እንደሌሉ ሆነው መቅረታቸው ያሳዝናል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጽሑፉ አንድ ሁለት ገጽ ከሆነ በዩኒኮድ እንደገና ታይፕ ማድረጉ ይቀላል። ረጅም ከሆነ የድሮውን ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ። ከቀየሩ በኋላ ግን ከዋናው ጋር አስተያይተው ያንብቡት፤ በተለይ ቁጥሮችን፣ ሥርዓተ ነጥቦችንና እንደ "ኳ" እና "ሟ" ያሉትን ሆሄያት። ጽሑፉ ታትሞ ከመሰጠት ሌላ ሥራ ከሌለው እንዳለ ቢተዉትም አይጎዳዎትም።

የትኛውን ፎንት ልጠቀም ለሚሉ፦ ዊንዶውስ ላይ ኤብሪማ አብሮ ይመጣል፤ አማርኛም ይጽፋል። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የነበረ ነው፤ በዊንዶውስ 10 እና 11 ግን በተጨማሪነት ነው የሚጫነው። ሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ የሚለውን ይፈልጉና "ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ" የሚለውን ይጨምሩ። ማክ ላይ ከፋ የሚባል ፎንት አለ። በነጻ አውርደው የሚጭኗቸው አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክም ጥሩዎች ናቸው።

እኔ ለደብዳቤና ለሲቪ ኖቶን እመርጣለሁ። ምክንያቴ ርእሶቹ ናቸው። ኒያላና አቢሲኒካ የራሳቸው ደማቅ ቅርጽ የላቸውም። "ቦልድ" ሲሉት ወርድ ራሱ ፊደሉን በግድ ያወፍረዋል። በትንሽ መጠን "ጨ" እና "ጩ" ተደፍነው ይቀራሉ። ኖቶ ግን ለደማቁ ተብሎ የተሣለ ቅርጽ ስላለው ርእሱ ጥርት ብሎ ይወጣል።

ገጹን ማስተካከል

ሌይአውት ከሚለው ሥር ሳይዝ የሚለውን ይክፈቱና ኤ4 መሆኑን ይዩ። አዲስ አበባም ይሁን ሮም፣ ቴል አቪቭም ይሁን ዱባይ ወረቀቱ ኤ4 ነው፤ 210 በ297 ሚሊሜትር። አሜሪካ ውስጥ ግን ሌተር የሚባለው ነው፤ 216 በ279 ገደማ። አሜሪካ ያለ ዘመድ አዘጋጅቶ የላከው ፒዲኤፍ እዚህ ሲታተም ጠርዙ የሚቆረጠው ወይም ከላይና ከታች ሰፊ ባዶ ቦታ የሚተወው ለዚህ ነው። የወርድ ፋይል ቢሆን ኖሮ መጠኑን መቀየር ይቻላል። ፒዲኤፍ ከሆነ በኋላ ግን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ የሚታተመው የት እንደሆነ ያስቡና አስቀድመው ይወስኑ።

ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ያለው ባዶ ገጽ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና 8 ቁጥርን አንድ ላይ ሲጫኑ የተደበቁት ምልክቶች ይወጣሉ። እያንዳንዱ ኤንተር እንደ ተገለበጠ "ፒ" ሆኖ ይታያል። ከጽሑፉ በኋላ ተደርድረው ካገኟቸው ያጥፏቸው። አንዳንዴ ሁሉንም አጥፍተውም ባዶው ገጽ አልሄድ ይላል። ያን ጊዜ ገጹ የሚያልቀው በሠንጠረዥ ነው ማለት ነው። ወርድ ከሠንጠረዥ በኋላ የግድ አንድ ባዶ አንቀጽ ያስቀምጣል፤ አይጠፋም። መላው እንዲህ ነው፦ ያንን አንቀጽ ይምረጡና የፊደል መጠኑን 1 ያድርጉት። ከሥሩና ከላዩ ያለውን ክፍተትም ዜሮ ያድርጉት። ይሰበሰባል፤ ገጹም ይጠፋል።

አዲስ ምዕራፍ ወይም አዲስ ክፍል በአዲስ ገጽ እንዲጀምር ኤንተር ደጋግመው አይምቱ። ኮንትሮልና ኤንተር አንድ ጊዜ ይበቃል።

ጽሑፉን ሌላ ሰው አርሞልዎት ከሆነ ሪቪው የሚለውን ይክፈቱ። እርማቶቹን አይተው ከተስማሙ "አክሰፕት ኦል" ይበሉ፤ ኮሜንቶችንም ያጥፉ። "ይህቺን ደሞዝ ጉዳይ ባናነሳት" የሚል የጓደኛ ኮሜንት ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ቀጣሪው ዘንድ የሚደርሰው ይህ ሲረሳ ነው።

የሌላ ሰው ስም

ይህን ለብቻው የማነሳው ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነው። ፒዲኤፍ በብሮውዘር ሲከፈት ከላይ ታቡ ላይ የሚታየው ብዙ ጊዜ የፋይሉ ስም አይደለም። ፋይሉ ውስጥ "ታይትል" ተብሎ የተመዘገበው ነገር ነው። እኛ አገር ደግሞ ሲቪና ማመልከቻ በብዛት የሚሠራው ኢንተርኔት ቤት ወይም ጽሑፍ ቤት ነው። ታይፒስቷ ከባዶ አትጀምርም፤ ትናንት ለሌላ ደንበኛ የሠራችውን ትከፍትና ስሙን፣ ስልኩን፣ ትምህርቱን እየቀየረች በአዲስ ስም ሴቭ ታደርገዋለች። ሥራው ይፈጥንላታል፤ ክፋት የለውም። ግን ውስጥ የተመዘገበው ታይትል የትናንቱ ደንበኛ ስም ሆኖ ሊቀር ይችላል። ቀጣሪው የእርስዎን ሲቪ ሲከፍት ከላይ የማያውቁት ሰው ስም ይነበባል።

ማስተካከያው፦ ወርድ ላይ ፋይል፣ ከዚያ ኢንፎ የሚለውን ይጫኑ። በቀኝ በኩል ታይትል፣ ታግስ፣ ኦተር የሚሉ መስመሮች ይታያሉ። ታይትሉን ጠቅ አድርገው ትክክለኛውን ይጻፉ፤ ለምሳሌ ሙሉ ስምዎንና "ሲቪ" የሚለውን። ኦተር ላይ የማያውቁት ስም ካለ በቀኝ ጠቅ አድርገው ያውጡት። ሁሉንም አንድ ጊዜ ለማጽዳት ደግሞ እዚያው ኢንፎ ውስጥ "ቼክ ፎር ኢሹስ"፣ ከዚያ "ኢንስፔክት ዶክዩመንት" የሚል አለ። እሱን ሲጠቀሙ መጀመሪያ ፋይሉን በሌላ ስም ያስቀምጡ፤ የጠፋው ሁሉ ላይመለስ ይችላልና።

አሁን መቀየሩ

በኮምፒውተር ላይ የተጫነ ወርድ ካለዎት ሌላ ፕሮግራም አያስፈልግም። ከወርድ 2010 ጀምሮ ፒዲኤፍ ማውጣት አብሮት ነው።

1. ኪቦርዱ ላይ ኤፍ12 ይጫኑ። "ሴቭ አዝ" የሚለው ሳጥን ይከፈታል። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ኤፍኤን የሚለውን አብሮ መጫን ያስፈልጋል። በሜኑ መሄድ ከፈለጉ ፋይል፣ ከዚያ ሴቭ አዝ ነው።
2. ፋይሉ የሚቀመጥበትን ቦታ ይምረጡ። ዴስክቶፕ ላይ ቢሆን ለማግኘት ይቀላል።
3. "ሴቭ አዝ ታይፕ" ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ፒዲኤፍ የሚለውን ይምረጡ።
4. ሁለት ምርጫ ይመጣል፦ ስታንዳርድ እና ሚኒመም ሳይዝ። ስታንዳርድ እንደተመረጠ ይተዉት። ሁለተኛው ፎቶዎቹን ያደበዝዛል፤ የሚጠቅመው ፋይሉ ከባድ ሆኖ አልሄድ ሲል ነው።
5. ሴቭ ከማለትዎ በፊት "ኦፕሽንስ" የሚለውን አንድ ጊዜ ይክፈቱ።

ኦፕሽንስ ውስጥ ያሉትን ትንሽ እንያቸው። ከሃያ ገጽ ውስጥ ሦስተኛውና አራተኛው ብቻ ከተፈለጉ "ፔጅስ" በሚለው ላይ ከ3 እስከ 4 ብለው ይሞላሉ። ከሥሩ "ዶክዩመንት" እና "ዶክዩመንት ሾዊንግ ማርክአፕ" የሚሉ አሉ። የመጀመሪያው ይመረጥ፤ ሁለተኛው እርማቱን ጭምር ያወጣል።

"ክሪኤት ቡክማርክስ" የሚለው ለረጅም ጽሑፍ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የፕሮጀክት ሪፖርት ከሆነ ምልክት ያድርጉበትና "ሄዲንግስ" የሚለውን ይምረጡ። አንባቢው በግራ በኩል የምዕራፎቹን ዝርዝር ያገኛል፤ ጠቅ እያደረገ ይሄዳል። ይህ የሚሠራው ግን ርእሶቹን በወርድ "ሄዲንግ 1"፣ "ሄዲንግ 2" ስታይል ከጻፏቸው ነው። ፊደሉን አተልቆ ቦልድ ማድረግ ብቻውን ርእስ አያደርገውም። "ዶክዩመንት ስትራክቸር ታግስ" የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አያንሱት፤ ዓይነ ስውር አንባቢ የሚጠቀምበት ፕሮግራም የገጹን ቅደም ተከተል የሚያውቀው በእሱ ነው።

ለመዝገብ ቤት ወይም ለቤተ መጻሕፍት የሚገባ ከሆነ "ፒዲኤፍ ኤ" የሚለውን ይምረጡ። አይኤስኦ 19005 ብሎ ይጽፈዋል። ለረጅም ዘመን ማቆያ የወጣ ደረጃ ነው፤ ፎንቱ ሁሉ የግድ እንዲታሸግ ያደርጋል። በይለፍ ቃል መቆለፍ ግን አይፈቅድም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። "ቢትማፕ ቴክስት" ብሎ የሚጀምር መስመር ያገኛሉ። ትርጉሙ፣ ፎንቱ እንዲታሸግ ባለቤቱ ካልፈቀደ ጽሑፉን ወደ ሥዕል ይለውጠዋል ማለት ነው። መልኩ ይጠበቃል፤ መፈለግና ኮፒ ማድረግ ግን ይቀራል። የእርስዎ ፒዲኤፍ ላይ አንዱ ርእስ ብቻ አልመረጥ ካለ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ፎንቱን ይቀይሩ።

ፕሪንት ብለው "ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ" የሚለውን የሚጠቀሙ ብዙዎች ናቸው። ዊንዶውስ 10 ላይ የመጣ ነገር ነው፤ ከየትኛውም ፕሮግራም ይሠራል። ለአንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃል። ለሲቪ ግን አልመክረውም። ለፕሪንተር እንደተላከ ወረቀት ስለሚቆጥረው ኢሜይልዎ ወይም ሊንክድኢንዎ ላይ ጠቅ ሲደረግ አይከፍትም፤ የምዕራፍ ዝርዝርም አይኖረውም። ሴቭ አዝ ሁለቱንም ይጠብቃል።

ወርድ ለሌለው

ሊብሬኦፊስ ነጻ ነው፤ አንድ ጊዜ አውርደው ከጫኑት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ፋይል፣ ኤክስፖርት አዝ፣ ከዚያ "ኤክስፖርት አዝ ፒዲኤፍ" ይላሉ። ከወርድ የበለጠ ምርጫ ይሰጣል። ከሁሉ የምወድለት "ሃይብሪድ ፒዲኤፍ" የሚለውን ነው። ዋናውን ጽሑፍ ፒዲኤፉ ውስጥ ደብቆ ያስቀምጥልዎታል፤ ከዓመት በኋላ ያንኑ ፒዲኤፍ በሊብሬኦፊስ ከፍተው ማረም ይችላሉ። የወርድ ፋይል ሲከፍቱበት ግን ወደ ኤክስፖርት ከመሄድዎ በፊት ገጾቹን አንድ በአንድ ይዩ። አቀማመጡ ትንሽ ሊንሸራተት ይችላል።

ጉግል ዶክስ ላይ ደግሞ ፋይል፣ ዳውንሎድ፣ ፒዲኤፍ ዶክዩመንት ነው። እዚያው የጻፉት ከሆነ በጣም ቀላል መንገድ ነው። የወርድ ፋይል ወደዚያ ከወሰዱ ግን ጉግል ጋ የሌለ ፎንት ይተካል። በድሮው የአማርኛ ፎንት የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ዝብርቅርቁ ይወጣል።

ማክ ያላችሁ በፔጅስ ፋይል፣ ኤክስፖርት ቱ፣ ፒዲኤፍ ትላላችሁ። ማክ ላይ ያለው ወርድ ሁለት ምርጫ ይሰጣል። "ቤስት ፎር ኤሌክትሮኒክ ዲስትሪቢውሽን" የሚለው ሊንኮቹን ይጠብቃል፤ ግን ጽሑፉን ወደ ማይክሮሶፍት የኦንላይን አገልግሎት ልኮ ነው የሚቀይረው። "ቤስት ፎር ፕሪንቲንግ" የሚለው እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ይጨርሳል። ኢንተርኔት ሲቆራረጥ ወይም ጽሑፉ ምስጢር ሲሆን ሁለተኛው ይሻላል።

ዲግሪና መታወቂያ አብሮ ሲላክ

ቀጣሪዎች ብዙ ጊዜ "ሁሉንም በአንድ ፒዲኤፍ" ይላሉ። ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ ዲግሪ፣ የሥራ ልምድ። ቀላሉ መንገድ ወርዱ ውስጥ ማስገባት ነው። ከሲቪው መጨረሻ ኮንትሮልና ኤንተር ብለው አዲስ ገጽ ይክፈቱ። ኢንሰርት፣ ፒክቸርስ ብለው ስካን የተደረገውን ዲግሪ ያስገቡ። ለእያንዳንዱ ማስረጃ አንድ ገጽ ይስጡ፤ ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ ፒዲኤፍ ያድርጉ።

ማስረጃዎቹ ቀድሞውኑ ፒዲኤፍ ከሆኑ መገጣጠሚያ ያስፈልጋል። ማክ ላይ ፕሪቪው የሚባለው ይህን ይሠራል፤ ገጾቹን በጎን ካለው ዝርዝር ወደ ዝርዝር መጎተት ብቻ ነው። ዊንዶውስ ላይ ፒዲኤፍ ሳም ቤዚክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ይጫናል፤ ፋይልዎ ከቤት አይወጣም።

እዚህ የሚመጣው ችግር ክብደት ነው። በስልክ የተነሣ አንድ የዲግሪ ፎቶ ብቻውን ብዙ ሜጋባይት ይሆናል። አምስት ማስረጃ ሲደመር ማመልከቻ መቀበያው ገጽ "ፋይሉ ትልቅ ነው" ብሎ ይመልሰዋል። ጂሜይል ራሱ ከ25 ሜጋባይት በላይ አታች አያደርግም። ወርድ ውስጥ አንዱን ፎቶ ጠቅ ያድርጉ፤ ከላይ ፒክቸር ፎርማት የሚለው ይከፈታል። እዚያ "ኮምፕረስ ፒክቸርስ" የሚል አለ። ለዚህ ፎቶ ብቻ የሚለውን ምልክት አንሥተው 150 የሚለውን ይምረጡ። ማኅተሙም ፊርማውም ይነበባል፤ ፋይሉ ግን በእጅጉ ይቀላል። ወደ 96 ማውረድ ለማስረጃ አይሆንም። በክቡ ማኅተም ዙሪያ ያለው ጽሑፍ ይደበዝዛል፤ ማኅተሙ የማይነበብ ማስረጃ ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል።

ምስጢር ያለበት ጽሑፍ

"ነጻ ፒዲኤፍ መቀየሪያ" ብለው ሲፈልጉ ብዙ ድረ ገጽ ይመጣል። የልደት ግብዣ ካርድ ከሆነ ይጠቀሙባቸው። ፓስፖርት፣ የባንክ መግለጫ፣ ውል፣ የሕክምና ወረቀት ከሆነ ግን አይሞክሩት። ፋይሉን መጫን ማለት የማያውቁት ሰው ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ማለት ነው። እንደ ሊብሬኦፊስ ያሉ፣ እዚያው ኮምፒውተርዎ ላይ የሚሠሩ ነጻ መንገዶች እያሉ ያን ማድረግ አያስፈልግም።

ሌላው አደገኛ ልማድ ማጥቆር ነው። የሒሳብ ቁጥሩ እንዳይታይ ብለው በወርድ ጥቁር ሳጥን ያለብሱታል፤ ወይም በጥቁር ሃይላይት ያደርጉታል። ፒዲኤፍ ሲሆን ለዓይን ጥቁር ነው። ቁጥሩ ግን ከሥሩ አለ። ተቀባዩ ጥቁሩ ላይ በማውስ መርጦ ኮፒ አድርጎ ሌላ ቦታ ሲለጥፈው ቁጥሩ ይወጣል። መፍትሔው ቁጥሩን ማጥፋትና በቦታው "ኤክስ ኤክስ ኤክስ" ወይም ሰረዝ መጻፍ ነው። ከዚያ ወዲያ ፒዲኤፍ ያድርጉት።

መቆለፍ ከፈለጉ ወርድ ላይ ፒዲኤፍ ሲያወጡ በከፈትነው "ኦፕሽንስ" ውስጥ "ኢንክሪፕት" የሚል አለ። ፋይሉ ያለ ይለፍ ቃል አይከፈትም። ይለፍ ቃሉን በዚያው ኢሜይል አይጻፉት። በኤስኤምኤስ ይላኩ ወይም ደውለው ይንገሩ። ራስዎ ጋም በወረቀት ይያዙት፤ ከጠፋ የሚያስመልስ የለም።

ከመላክዎ በፊት

ፒዲኤፉን ይክፈቱት። ይህን ሳያደርጉ የሚልኩ ሰዎች ይገርሙኛል።

ገጾቹን ይቁጠሩ። የመጨረሻውን ገጽ ይዩ። ሠንጠረዥ በገጽ መካከል ተቆርጦ እንደሆነ ይመልከቱ። ከዚያ አንድ የአማርኛ አንቀጽ ኮፒ አድርገው ኖትፓድ ላይ ይለጥፉ። አማርኛው እንዳለ ከወጣ ፒዲኤፍዎ ጤነኛ ነው፤ ይፈለጋል፣ ይነበባል።

አዶቤ ሪደር ካለዎት ኮንትሮልና ዲ ይጫኑ። በሚከፈተው ሳጥን ላይ ፎንትስ የሚለውን ይምረጡ። የተጠቀሙባቸው ፎንቶች ተዘርዝረው ይታያሉ። ከስማቸው ጎን "ኢምቤድድ ሰብሴት" የሚል ካለ ታሽገዋል ማለት ነው። "ሰብሴት" የሚለው አያስጨንቅዎ፤ እርስዎ የተጠቀሙባቸው ሆሄያት ብቻ መታሸጋቸውን ነው የሚያመለክተው። ጎኑ ባዶ የሆነ የአማርኛ ፎንት ካዩ ግን ወደ ወርዱ ይመለሱና ፎንቱን ቀይረው እንደገና ያውጡ።

በፍለጋም ይሞክሩት። አንድ ነገር ግን ይወቁ፦ "ሰላም" ብለው ሲፈልጉ "ሠላም" ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። ለኮምፒውተር ሰ እና ሠ፣ ሀ እና ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ የተለያዩ ናቸው። ረጅም ሪፖርት ወይም ጥናት ከሆነ ስሞችንና ቁልፍ ቃላትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ሆሄ ይጻፉ። እንደዚሁ ዐረፍተ ነገር ሲዘጉ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ከመምታት አራት ነጥቡን ራሱን ይጠቀሙ። መልካቸው ቢመሳሰልም ለኮምፒውተር አንድ አይደሉም።

የመጨረሻው ፈተና ስልክ ነው። ፒዲኤፉን ለራስዎ በቴሌግራም "ሴቭድ ሜሴጅስ" ላይ ይላኩና ስልክዎ ላይ ይክፈቱት። ብዙ ቀጣሪ፣ ብዙ የቢሮ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ስልኩ ላይ ነው።

የፋይሉ ስምና አላላኩ

"ዶክዩመንት1" ወይም "ፋይናል ፋይናል አዲሱ" ብለው አይላኩ። የእርስዎ ስም፣ የጽሑፉ ዓይነትና ዓመቱ ይበቃል። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ቢጽፉት ይመረጣል። ጽሑፉ በአማርኛ መሆኑ ምንም ችግር የለውም፤ የፋይሉ ስም በአማርኛ ሲሆን ግን አንዳንድ የማመልከቻ መቀበያ ሲስተም ስሙን ያበላሸዋል ወይም አልቀበልም ይላል። በቃላቱ መካከል ባዶ ቦታ ከመተው ሰረዝ ያድርጉ።

በቴሌግራም ሲልኩ ፋይል በሚለው በኩል ይላኩ። ገጹን ፎቶ አንሥቶ በፎቶ መላክ ጥራቱን ይቀንሰዋል፤ ፒዲኤፍ ግን እንዳለ ይደርሳል።

የወርዱን ፋይል አያጥፉት። ከ2013ቱ ወርድ ጀምሮ ፒዲኤፍን መልሶ መክፈት ይቻላል፤ ነገር ግን ሠንጠረዡና መስመሩ ተመሰቃቅሎ ነው የሚመጣው። ስህተት ባገኙ ቁጥር ወርዱን አርመው ፒዲኤፉን እንደ አዲስ ያውጡ። የታረመውን በዚያው ስም ከላኩ ተቀባዩ ጋ ሁለቱ ይምታታሉ፤ ስሙ ላይ ቀኑን ይጨምሩበትና በኢሜይሉ ላይ "የበፊቱን በዚህ ይተኩልኝ" ብለው ይጻፉ።